መጠኑ ዓይነቱን ሲለውጥ፦ የአየር ንብረት ምላሽና የመገልበጫ ነጥብ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ብሂል አብዛኛውን ጊዜ ለትዕግሥት ማስተማሪያ ሲጠቀስ ይሰማል። ነገሩ በጥልቀት ሲመረመር ግን ብሂሉ ከትዕግሥት የላቀ ቁም ነገር ያዘለ ሆኖ ይገኛል። እንቁላል ከታቀፈችው ዶሮ ሥር በሚቆይባቸው ሃያ አንድ ቀናት ውስጥ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ያው እንቁላል ነው። ቅርፊቱ አልተለወጠም፤ ቀለሙም አልተለወጠም። ይሁን እንጂ በውስጡ ለውጥ በየዕለቱ ይጠራቀማል። በመጨረሻው ቀን ቅርፊቱ ይሰበርና በሁለት እግሩ የሚሄድ ሌላ ፍጥረት ብቅ ይላል። ጫጩቱም ተመልሶ እንቁላል አይሆንም።

ውሃም እንዲሁ ነው። ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 90 ዲግሪ ሲሞቅ እያንዳንዱ ዲግሪ ውሃውን ይበልጥ ሙቅ ያደርገዋል እንጂ ውሃነቱን አይለውጠውም። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ይፈላል፤ ውሃው እንፋሎት ይሆናል። በባሕር ጠረፍ ላይ ቢጣድ ኖሮ እስከ 100 ዲግሪ ይታገሥ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የተጠራቀመ የመጠን ለውጥ በአንድ ወሰን ላይ የዓይነት ለውጥን ያስከትላል። ሁለተኛ፣ ወሰኑ የትም ቦታና በማንኛውም ጊዜ አንድ አይደለም፤ እንደ ነባራዊው ሁኔታ ይለያያል።

ይህ ሐቅ ዛሬ የሰው ልጅ በጋራ ከተደቀነበት ትልቅ ጥያቄ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ጥያቄውም፦ በከባቢ አየር ውስጥ የሚጠራቀመው የካርቦን ጋዝ ምድራችንን ምን ያህል ያሞቃታል? ሙቀቱስ እንደተጨመረው ጋዝ መጠን በደረጃ ብቻ ይሄዳል ወይስ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይገለብጣል? የሚል ነው። ጉዳዩ የሊቃውንት ብቻ ነው ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ምክንያቱም በስሌቱ ላይ የሚነሳው ክርክር በመጨረሻ የሚፈታው በገበሬው ማሳ፣ በሠራተኛው ጓዳና በቀበሌው ነዋሪ ማዕድ ላይ ነውና።

የአንድ ቁጥር ታሪክ

ስሌቱ የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ስዊድናዊው ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ በወረቀትና በእርሳስ ረጅም ጊዜ ከደከመ በኋላ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 ዲግሪ በላይ እንደምትሞቅ ገመተ። በ1967 ትውልደ ጃፓናዊው ሹኩሮ ማናቤ ከባልደረባው ሪቻርድ ዌዘራልድ ጋር በኮምፒዩተር ባደረገው ስሌት ወደ 2.3 ዲግሪ የሚጠጋ ውጤት አገኘ። ማናቤ በዚህ መስክ በፈጸመው ሥራ በ2021 የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። በ1979 ደግሞ በአሜሪካዊው ሊቅ ጁል ቻርኒ የሚመራ አጥኚ ቡድን የእጥፍ ጭማሪው ውጤት ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ እንደሚሆን አስታወቀ። ይህ እጥፍ የጋዝ ጭማሪ ውሎ አድሮ የሚያስከትለው ሙቀት ነው እንግዲህ የአየር ንብረት የምላሽ መጠን ተብሎ የሚታወቀው።

ከአርባ ዓመታት በላይ ከፈጀ ልፋት በኋላ በ2021 የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ ባቀረበው ሪፖርት ይኸው መጠን ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ሊሆን እንደሚችል፣ ማዕከላዊ ግምቱም 3 ዲግሪ እንደሆነ ተገለጸ። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ በ1958 መለካት ሲጀመር 315 ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2024 ወደ 424 ገደማ ደርሷል። ይህም ከጥንቱ በግማሽ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። የ2024 ዓመት አማካይ ሙቀትም ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሲነጻጸር በ1.55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ መገኘቱን የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አስታውቋል።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ዋና ነገር፣ ጋዙ በራሱ ብቻ የሚያመጣው ሙቀት ያን ያህል ብዙ አለመሆኑ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እጥፍ ቢሆንና ሌላ ምንም ነገር ባይለወጥ ምድር በ1.2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትሞቃለች። ቀሪውን የሚያመጣው መልሶ የሚያባብሰው ዑደት ነው። አየር ሲሞቅ ብዙ የውሃ ተን ይይዛል፤ የውሃ ተንም ራሱ ሙቀት አማቂ ስለሆነ ይበልጥ ያሞቃል። በረዶ ሲቀልጥ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቀው ነጭ ገጽ ይጠፋና ጥቁሩ ባሕር ወይም መሬት ሙቀቱን ይውጠዋል። ደመናም ይለወጣል።

ይህን በብር ሒሳብ መመልከት ይቻላል። 1 ብር ከ20 ሳንቲም ያበደረ አራጣ አበዳሪ አለ እንበል። በመጀመሪያ ዙር የዋናውን ግማሽ፣ ማለትም 60 ሳንቲም፣ በወለድ ይጨምራል። በሁለተኛው ዙር የወለዱን ግማሽ 30 ሳንቲም ይጨምራል። ቀጥሎ 15፣ ቀጥሎ 7 ከግማሽ እያለ ይሄዳል። ሁሉም ሲደመር 2 ብር ከ40 ሳንቲም ላይ ይቆማል። ተመላሹ እጅ ግማሽ መሆኑ ቀርቶ ከአሥር ስድስት እጅ ቢሆን ድምሩ 3 ብር ይሆናል። ከአሥር ሰባት እጅ ቢሆን 4 ብር፣ ስምንት እጅ ቢሆን 6 ብር፣ ዘጠኝ እጅ ቢሆን ደግሞ 12 ብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ተመላሹ እጅ በየጊዜው የጨመረው በእኩል መጠን ነው። ድምሩ ግን በመጀመሪያ በ60 ሳንቲም፣ ከዚያ በ1 ብር፣ ከዚያ በ2 ብር፣ በመጨረሻም በ6 ብር ነው የጨመረው። ተመላሹ እጅ ከአሥር አሥር ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ጨርሶ አይቆምም። ብሩን በዲግሪ ተክተን ስናየው ከላይ የተጠቀሰው ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ያለው ግምት፣ ተመላሹ እጅ ከአሥር አምስት እስከ ሰባት ገደማ ነው ማለት መሆኑን እንረዳለን።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ተመላሹ እጅ ስድስት መሆኑን እርግጠኛ ባንሆንና በአንድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሳሳት ይችላል ብንል፣ ስሕተቱ ወደ ታች ከሆነ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ወደ ላይ ከሆነ ግን በ1 ዲግሪ ይጨምራል። እርግጠኛ ያለመሆን ሚዛኑ ወደ አደጋው ያጋደለ ነው። ስለዚህ «ሊቃውንቱ ራሳቸው ቁጥሩን አልጨረሱትምና እንጠብቅ» የሚለው አባባል ከሒሳቡ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

በሊቃውንት መካከል የተነሳው ክርክር

በ2007 ጄራርድ ሮ እና ማርሻ ቤከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ሒሳብ መሠረት በማድረግ አንድ ድምዳሜ አቀረቡ። የሙቀቱ ግምት ወደ ላይ የሚዘረጋው ጅራት በስሌቱ ባሕርይ ምክንያት የሚመጣ በመሆኑ፣ ምርምር ቢጨምርም ጅራቱን ማሳጠር እጅግ አስቸጋሪ ነው አሉ። ጽሑፉ ብዙ ሰዎችን አስደነገጠ።

በ2010 ኢልያ ዛሊያፒን እና ማይክል ጊል መልስ ሰጡ። እነርሱ እንዳመለከቱት ከላይ ያየነው የአራጣ ሒሳብ የሚሠራው ተመላሹ እጅ ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን የማይለወጥ እንደሆነ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ተፈጥሮን በአንድ ቀጥተኛ መስመር የመተካት ያህል ነው። በእውነተኛው ዓለም ተመላሹ እጅ ራሱ ከሙቀቱ ጋር ይለወጣል፤ በረዶው ቀልጦ ካለቀ የሚቀልጥ በረዶ የለም። ስለዚህ ትንሽ ግፊት የትም ቦታ ትልቅ ውጤት ያመጣል የሚለው ትክክል አይደለም። ትንሽ ግፊት ትልቅ ውጤት የሚያመጣው ሥርዓቱ በመገልበጫው ነጥብ ላይ ወይም በአቅራቢያው ሲገኝ ብቻ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የኋለኞቹ ትችት በመሠረቱ ትክክል ነው። ትክክል በመሆኑም ጥያቄውን አያቀለውም፤ ቦታውን ብቻ ያስለውጠዋል። እስከዚያ ድረስ የነበረው ጥያቄ «አማካይ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ነበር። አሁን ግን «ከመገልበጫው ነጥብ ምን ያህል ርቀት ላይ ነን?» የሚለው ዋነኛ ጥያቄ ሆኗል። ከነጥቡ ርቆ ለሚገኝ ሥርዓት አንድ ቋሚ ቁጥር በቂ መመሪያ ነው። በቀረበ መጠን ግን ቁጥሩ ራሱ እያደገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ትርጉም ያጣል።

ገበጣና ሁለት ጉድጓዶች

ይህን ሐሳብ በሒሳብ ሞዴል አስቀድመው ያሳዩት በ1969 በያኔዋ ሌኒንግራድ ይሠራ የነበረው ሚኻይል ቡዲኮና በአሜሪካ የአሪዞናው ዊልያም ሴለርስ ናቸው። ሁለቱ ለየብቻቸው ሠርተው ወደ አንድ መደምደሚያ ደረሱ። ከፀሐይ የሚገባውንና ከምድር የሚወጣውን ኃይል በቀላል ስሌት ሲያመዛዝኑ ለምድር አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጸንተው ሊኖሩ የሚችሉ ሁኔታዎች እንዳሉ ተገነዘቡ። አንደኛው ዛሬ የምናውቀው ነው። ሁለተኛው ምድር በሙሉ በበረዶ የተሸፈነችበት ነው። በስሌታቸው መሠረት የፀሐይ ብርሃን በጥቂት በመቶ ብቻ ቢቀንስ ምድር ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ልትገለበጥ ትችል ነበር።

ነገሩን በገበጣ እንመስለው። በገበጣ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ጠጠር ገበጣውን ትንሽ ብንነቀንቀው ወደ ጎን ትሄድና ተመልሳ ከጉድጓዷ ወለል ላይ ታርፋለች። የጉድጓዱ ከንፈር በየጊዜው እየተፋቀ ቢሄድ ግን ጠጠሯ ለረጅም ጊዜ ያለችበት ቦታ ላይ ያለች መስላ ትቆያለች። ከንፈሩ ሊያልቅ ሲል ያው የቀድሞው ትንሽ ንቅናቄ ጠጠሯን ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ያሻግራታል። ከዚያ በኋላ ንቅናቄውን ማቆም ጠጠሯን አይመልሳትም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

ይህ ምሳሌ አንድ ተስፋም ይሰጣል። የጉድጓዱ ግድግዳ ሲዳከም ጠጠሯ ከንቅናቄ በኋላ ወደ ቦታዋ የምትመለሰው በዝግታ ነው። አቅሙ የደከመ ሰው ቀላል ጉንፋን ይዞት ለመዳን ብዙ ቀን እንደሚወስድበት ማለት ነው። በ2009 ማርቲን ሼፈርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ አንድ ሥርዓት ከጉዳት ለማገገም የሚወስድበት ጊዜ እየረዘመና መዋዠቁ እየሰፋ ከሄደ ወደ መገልበጫው ነጥብ ለመቅረቡ ምልክት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሁልጊዜ አይታይም፤ ታየ ማለትም ቀኑ ታወቀ ማለት አይደለም። ሆኖም ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኽ ውሻ ይሻላል።

መላዋ ምድር አንድ ብቸኛ የመገልበጫ ነጥብ አላት ብሎ ማሰብ ግን አይገባም። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የመገልበጥ ባሕርይ ያላቸውን 16 የአየር ንብረት ክፍሎች ለይቶ አስቀምጧል። ከ1.5 ዲግሪ በላይ ሲሆን የመሻገር ዕድላቸው ከፍተኛ ከሆኑት መካከል የግሪንላንድና የምዕራብ አንታርክቲካ የበረዶ ንጣፎች፣ የሞቃት ባሕሮች ዛጎል ድንጋዮችና ለዘመናት በረዶ ሆኖ የኖረው የሰሜን መሬት ድንገተኛ መቅለጥ ይገኛሉ።

ግሪንላንድን እንውሰድ። በረዶው በቀለጠ ቁጥር አናቱ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር ይበልጥ ሞቃት አየር ያገኘዋል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይቀልጣል። ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ጋቢውን ለምን እንደሚያወልቅ ያውቃልና ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ንጣፉ ጨርሶ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር ከፍታ በ7 ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ በአንድ ጀምበር የሚሆን አይደለም፤ ብዙ መቶ ዓመታት፣ ምናልባትም ሺህ ዓመታት ይፈጃል። የሚያሳስበው ግን ውሳኔው የሚወሰነው ዛሬ፣ ሒሳቡ የሚከፈለው ገና ባልተወለዱ ትውልዶች መሆኑ ነው።

ጣና የሰጠው ምስክርነት

«የሰሜን ዋልታ በረዶ ቢቀልጥ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ወገን ሊኖር ይችላል። መልሱ ከራሳችን ሐይቅ ወለል ይገኛል። በ2007 የታተመ ጥናት በጣና ሐይቅ ወለል ሥር ያለውን ደለል በመመርመር ሐይቁ ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበረ አረጋግጧል። ሐይቁ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረው ከ15,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ጣና በደረቀበት ዘመን በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ብዙ የበረዶ ተራሮች ተገንጥለው እየቀለጡ ባሕሩን ያቀዘቅዙት ነበር።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። በሰሜን ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ከሥርም ተመልሶ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከቀለጠ በረዶ የሚመጣ ጨው አልባ ውሃ ሲበዛ ግን የላይኛው ውሃ ይቀልና አይሰምጥም። ዑደቱም ይዳከማል። አሜሪካዊው ሄንሪ ስቶሜል በ1961 በሁለት የውሃ ሣጥኖች በተመሰለ ቀላል ስሌት ይህ ዑደት እንደ ገበጣው ሁለት ጉድጓዶች እንዳሉት አሳይቷል። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ በምድር ወገብ አካባቢ የሚመላለሰው የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይገፋል። ክረምታችንን የሚያመጣልንም ይኸው መቀነት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2021 የቀረበው ዓለም አቀፍ ሪፖርት ዑደቱ በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ መዳከሙ እጅግ አይቀሬ መሆኑን ሲያስረዳ፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል የሚለውን ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት ውድቅ አድርጓል። በ2023 ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከላይ የጠቀስናቸውን የዝግታና የመዋዠቅ ምልክቶች በመጠቀም መገልበጡ በዚህ መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ ሊደርስ ይችላል ብለው ገመቱ። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ግምቱ የተመሠረተበት የባሕር ገጽ ሙቀት መለኪያ ለዑደቱ በቂ ምስክር አይደለም ሲሉ ተቃወሙት። ክርክሩ ጤናማ ነው። ሳይንስ የሚያድገው በእንዲህ ያለ ትግል ነው። ነገር ግን የቀኑ አለመታወቅ የገደሉን መኖር አይሽረውም።

አርብቶ አደሩ የተከሰሰበት ስሌት

ሞዴል እንደ ማንኛውም መሣሪያ በያዘው እጅና በገባበት መረጃ ይወሰናል። ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን የሳህል ድርቅ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሴኔጋል እስከ ሱዳን የተዘረጋውን ምድር የመታው ድርቅ ብዙ ሕዝብና ከብት ፈጅቷል። በ1975 ከላይ የተጠቀሰው ጁል ቻርኒ ለድርቁ አንድ ማብራሪያ አቀረበ። ከብቶች ሣሩን ሲጨርሱት የተራቆተው መሬት ብርሃንን መልሶ ያንጸባርቃል፤ አየሩ ይቀዘቅዝና ወደ ታች ይወርዳል፤ ዝናብም ይቀንሳል፤ ሣሩም ይበልጥ ይጠፋል የሚል ነበር። በአሠራሩ ረገድ ብልህ ሐሳብ ነው። በተግባር ግን ብዙዎች የተረዱት «ድርቁን ያመጣው ድኻው አርብቶ አደር ነው» ብለው ነው።

በ2003 አሌሳንድራ ጃኒኒና ባልደረቦቿ ያደረጉት የሞዴል ጥናት የዝናቡን መለዋወጥ ዋነኛ መነሻ በውቅያኖሶች ሙቀት መለዋወጥ ውስጥ አገኘው። የመሬቱ ሁኔታ የተነሣውን ችግር የሚያባብስ እንጂ ዋና አስነሺ አልነበረም። ከሰሜኑ ክፍለ ዓለም ፋብሪካዎች የወጣው ብናኝ የሰሜን አትላንቲክን ውሃ በማቀዝቀዝ ለድርቁ አስተዋጽኦ እንዳደረገ የሚያመለክቱ ጥናቶችም ታትመዋል። እንግዲህ ለዓመታት በአርብቶ አደሩ በር ላይ ቆሞ የነበረው ክስ፣ ቢያንስ በከፊል፣ አድራሻውን ስቶ ነበር ማለት ነው። ስሌቱን የተሻለ ስሌት አረመው። ስለሆነም ሕዝብ ሞዴልን በጭፍን ሊያመልክም ሆነ በጭፍን ሊጥል አይገባውም። ምን እንደተቆጠረና ምን እንደተተወ መጠየቅ አለበት።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሁለት ጎጂ አመለካከቶችን ነቅሶ ማውጣት ይገባል።

የመጀመሪያው የአዘናጊዎች አመለካከት ነው። እነዚህ «የምድር ሙቀት በዝግታ ነው የሚጨምረው፤ በዝግታ የሚመጣውን በዝግታ እንለምደዋለን» ይላሉ። ትናንት የሆነው ነገም በዚያው መጠን ይሆናል ብለው ያምናሉ። ይህ ውሃው እስከ 90 ዲግሪ ስላልፈላ በ92ም አይፈላም እንደማለት ነው። ከሒሳቡ እንዳየነው ወደ መገልበጫው ነጥብ በቀረብን መጠን አንድ አሥረኛ ዲግሪ የምታስከትለው ጉዳት ካለፈችው አንድ አሥረኛ ዲግሪ ይበልጣል።

ሁለተኛው የተስፋ ቆራጮች አመለካከት ነው። እነዚህ ደግሞ «1.5 ዲግሪ ታለፈ፤ ሁሉም ነገር አበቃ» ይላሉ። ንቁ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን ከመጀመሪያዎቹ አይለይም። ሁለቱም ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። በ2015 በፓሪስ በተደረገው ስምምነት የተጠቀሰው የ1.5 ዲግሪ ወሰን የሚለካው በረጅም ዓመታት አማካይ እንጂ በአንድ ዓመት አይደለም። ከዚያም በላይ ነጥቦቹ ብዙዎች ናቸው። አንዱ ቢታለፍ ሌላው ገና ሊታደግ ይችላል። በ1.6 እና በ1.8 መካከል ያለው ልዩነት የአንድ የበረዶ ንጣፍ ወይም የአንድ የዝናብ ወቅት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ኃላፊነትን በሚመለከትም ሐቁ ተሸፋፍኖ ሊታለፍ አይገባውም። ከኢንዱስትሪ ዘመን ወዲህ ወደ አየር ከተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሩብ ያህሉ የተባበሩት አሜሪካ ድርሻ ነው። የመላው የአፍሪካ አህጉር ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የገበጣውን ከንፈር የፋቀው እጅና ጠጠሯ ስትገለበጥ የሚጎዳው እጅ አንድ አይደሉም። ይህን መናገር የራስን ሥራ ለመሸሽ ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ሒሳብ በሚተሳሰቡበት ጠረጴዛ ላይ ግን መነሣት ያለበት እውነት ነው።

ምን ማድረግ ይገባናል?

በቅድሚያ የሚያስፈልገው መረዳት ነው። የቀበሌ ነዋሪዎች ስብሰባም ሆነ የሠራተኛ ማኅበር ጉባኤ የአየር ንብረትን ጉዳይ ችግኝ በመትከያ ቀን ብቻ የሚነሣ አድርጎ ማየቱ መቆም አለበት። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ የወንዝ ዳርን ይጠብቃል፣ አፈርን ይይዛል። ነገር ግን ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ እስካልቀነሰ ድረስ ችግኝ ብቻውን ከንፈሩን አይጠግነውም። ይህን ለሕዝብ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ መለካት ነው። ማስጠንቀቂያ የሚገኘው ሳይቋረጥ ከተመዘገበ ረጅም መረጃ ነው። አንድ የዝናብ መለኪያ ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ ሲመዘገብ ውድ ሀብት ይሆናል፤ በመካከሉ አምስት ዓመት ቢቋረጥ ግን ዋጋው በብዙ ይወርዳል። በየትምህርት ቤቱና በየጣቢያው ይህን ሥራ በትጋት የሚሠሩ፣ ስማቸው የማይጠራ ሠራተኞች አሉ። የሥራቸው ክብደት ሊታወቅላቸው ይገባል።

ሦስተኛው ዝግጅት ነው። አማካይ ቁጥርን ብቻ አይቶ የተሠራ የጎርፍ ቦይ፣ የእህል ጎተራ ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ ከአማካዩ የወጣ ዓመት ሲመጣ አይበቃም። የምናቅደው ለተለመደው ዓመት ብቻ ሳይሆን ለሚገለብጠው ዓመትም መሆን አለበት። የሰፈር ቦይ የቆሻሻ መጣያ እንዳይሆን መጠበቅ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ዶፍ በጣለ ሌሊት ግን የስንት ቤት ሕይወት በዚያች ትንሽ ሥራ ላይ እንደሚንጠለጠል በቆላማ ሰፈር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች የሒሳብ ሞዴል አልነበራቸውም። እሳት ግን ያውቁ ነበር። ቅጠል የሚያጠፋው እሳት ገና ትንሽ ሳለ እንደሆነ፣ ከአንድ ወሰን ካለፈ በኋላ ግን የሰፈር ውሃ ሁሉ ተሰብስቦም እንደማይበቃው ያውቁ ነበር። ዛሬ የሳይንስ ሊቃውንት በረጅም ስሌት የደረሱበት መደምደሚያ ከዚህ የተለየ አይደለም። የምላሹ መጠን ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ በቆምንበት ቦታ ይወሰናል። ከደፉ ወዲህ ሳለን የምናደርገው ትንሽ ጥረት፣ ከደፉ ወዲያ ሆነን ከምናደርገው ታላቅ ጥረት ይበልጥ ይሠራል። እስካሁን ከብዙዎቹ ደፎች ወዲህ ነን። ጊዜው የሥራ ጊዜ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።